ያንተ ቀይ፣ የኔ ብርማ

ውድ ነገረኛው፣

አንተ ከሞትክ ወዲህ የሚከራከረኝ አጥቼ አፌ ሻግቷል። ደክሞኛል ወንድሜ። ጉልበቴም አልታዘዝ ብሎኛል፤ ከብርማዋ ጀርመን መኪናዬ የምወጣው በሩን ሙጭጭ አድርጌ ይዤ እያቃሰትኩ ነው። ብታየኝ ሳቅህ ሰፈሩን ይቀሰቅሰው ነበር።

ሚስትህ ልጃችሁ ጋ ልትገባ ነው። እዚያ ጋራዥ የለም፤ ይሄኛውን ቤት ደግሞ ቅዳሜ ታስረክባለች። «የቀይዋን ጣሊያን መኪና ነገር እኔ አልችለውም፤ አንተ አይተህ ለደህና ሰው ስጥልኝ» አለችኝ። እምቢ እንዳልል ሚስትህ ናት። እሺ አልኩና እንቅልፍ አጣሁ።

ትናንት ገዢ መጣ፤ የጥርስ ሐኪም ነው። ብርማዋን በርህ ላይ አቁሜያት ስለነበር መጀመሪያ እሷን አየ፣ ዞራትም። ከዚያ ያንተዋን አስነሳሁለት። እንደ ልማዷ ሁለቴ አሳላት፣ አስለመነችኝ፣ በስንት መከራ ተነሳች። ሰውየው ሳቀ።

«ጣሊያን ድምፅ እንጂ ሥራ የለውም» አለኝ። «ጀርመኗ ብትሆን በአንዴ ትነሳ ነበር። ግድ የለም፣ ይቺን ለጌጥ እወስዳታለሁ፤ ሞተሯን አውጥቼ ክሊኒኬ መግቢያ ላይ አቆማታለሁ።»

ወይ ጉድ! ስለ ድምፁ ያለው እኮ ቃል በቃል እኔ አንተን ሠላሳ ዓመት ያቃጠልኩበት ነገር ነው። ልክ ነህ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ስማ አንተ ሰውዬ! የኔዋ ሞተሯ ከኋላ ነው። ኩርባ ላይ ደንግጠህ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ካነሳህ ቂጧን ወርውራ ገደል ትከትሃለች። ይቺን ግን መሪዋን በሁለት ጣት ይዘህ ታስገባታለህ። ብርድ አትወድም፣ እውነት ነው። ከሞቀች በኋላ ግን ዳገቱን እየዘፈነች ነው የምትወጣው!»

ያንተን ክርክር፣ እጅ ማወራጨትህ ሳይቀር፣ አወረድኩበት። ሰውየው እንደ እብድ አየኝና ሄደ።

ሚስትህ ለካ በረንዳ ላይ ቆማ ትሰማለች። «ይሄን ቢሰማህ ኖሮ በደስታ ይሞት ነበር» አለችና ሳቀች። ወዲያው ያለችው ነገር ገባትና ፊቷን በእጅጌዋ ሸፈነች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ዛሬ ቀይዋን ቤቴ አመጣኋት። ከኔ የተሻለ ደህና ሰው ከየት ላምጣ? ጋራዤ አንድ መኪና ብቻ እንደሚይዝ ታውቃለህ። ያንተዋን አስገባኋት። የኔዋ ሸራ ለብሳ ደጅ ቆማለች፤ ዝናቡም ጀምሯል፣ በመስኮት እያየኋት ነው።

አሸነፍኩ እንዳትል ብቻ። ደክሞኝ ነው።

ያንተው ግትሩ