የማዚን ሰሃን

ሙርተዳ ወንድሜ፣

ተኝተህ ስለነበር አልቀሰቀስኩህም። ልጅህ ማዚን ሌሊቱን ደህና አድሯል ብላ እናቱ ኢኽላስ ከሆስፒታል ደውላለች። እኔ ወደ ሥራ እየሄድኩ ነው።

አረንጓዴው ሰሃን የማዚን ነው። ለብቻው አጥቤ መደርደሪያው ላይ አድርጌዋለሁ፤ ሌላ ሰው አይብላበት።
የለውዝ ቅቤውን ከነጣሳው ለጎረቤት ሰጥቻለሁ።
የአለርጂው መርፌ ትናንት አልቋል። የነበረን ያው አንዱ ነበር። ኦምዱርማን ውስጥ ያልጠየቅኩት መድኃኒት ቤት የለም። ጉሮሮው እንደገና ቢዘጋ ይዞት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ብቻ ነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ ክሊኒክ ውስጥ ስለ ምግብ አለርጂ ስንቱን እናትና አባት አስተማርኩ። አንተን ግን አንድ ቤት እየኖርን አቃተኝ። ትናንት ምሳ ላይ፣ «ልጄ እንግዳ ፊት እንደ በሽተኛ ለብቻው አይበላም» ብለህ ትልቁ ትሪ ዙሪያ ከእኛ ጋር አስቀመጥከው። በኋላም «ለውዝ አልነካም» ብለህ ማልክልኝ። እውነትህን ነው፣ እሱ አልነካም። አንተ ግን ለውዝ የተለወሰበትን ሰላጣ ባጠቀስክበት እጅ ኪስራ ቆርሰህ አጎረስከው።

እኔም አይቼ ነበር። እንግዶቹን አፍሬ ዝም አልኩ።

ደግሜ ላስተምርህ አቅም የለኝም። ልታየው ስትሄድ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ አፍህንም ተጉመጥመጥ። ትናንት አልጋው ላይ ጎንበስ ብለህ ልትስመው ስትል አፉን በሁለት እጁ ሲሸፍን ሳቅህ።

እየተጫወተ አልነበረም።

አዋጢፍ