ቅርፊት የሌለው ዓሣ

ሰኞ

አልወርድም። ይህን ለአለቃው በአፌ አላልኩትም፤ በሆዴ ነው ያልኩት። ድስት እያጠብኩ ደጋግሜ ብዬዋለሁ።

አክስቴን ኦሞራቴ ክሊኒክ አስተኝተናት መጣን። ወባ ነው። የጀልባዋ ወጥ ሠሪ እሷ ናት፤ እኔ ሽንኩርት ላጭና ድስት አጣቢ ነበርኩ። አሁን ወጡም ድስቱም የእኔ ሆነ። አዲሱ አለቃ ግን ገና ከኦሞራቴ ስንነሳ ጠራኝ። «ይሄ የጦር ጀልባ ነው፣ የሕፃናት መዋያ አይደለም። አርብ ስንመለስ የጂንካ መኪና ይኖራል። ተሳፍረሽ አገርሽ ትገቢያለሽ» አለኝ። እኔም መሬት መሬት እያየሁ «እሺ ጓድ አለቃ» አልኩ። እሺ! ምላሴን ልነክሰው ምንም አልቀረኝም።

ጂንካ ምን እንደሚጠብቀኝ እሱ አያውቅም። የሚጠብቀኝ ወፍጮ ያለው ሰውዬ ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ትልቋ ልጁ ትምህርት ቤት እኩያዬ ነበረች። አባቴ ሽማግሌዎቹን እሺ ብሎ ሸኝቷቸዋል። አክስቴ «ለሥራ እፈልጋታለሁ» ብላ ይዛኝ ባትወጣ ኖሮ ይሄኔ ፀጉሬ በዱቄት ነጭ ሆኖ ነበር።

ወታደሮቹ ጀልባዋን መርከብ ይሏታል። ከቤታችን አትበልጥም። ከፊት መትረየስ፣ ከኋላ ሞተር፣ መሃል ላይ እኔና የላምባ ምድጃዬ። ወንዙን እየቃኘን፣ ታች ወንዙ የሚገባበት ሐይቅ አጠገብ ላሉት ጠረፍ ጠባቂዎች ስንቅና ጥይት እናደርሳለን። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ድስቱ ከምድጃው እየተንሸራተተ ያስቸግር ነበር። ዛሬ በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት። አክስቴ በእጇ ነበር ይዛ የምትቆመው። ሽቦው የእኔ ሐሳብ ነው።

ማክሰኞ

አለቃው አይበላም። ከቀይ ባሕር የመጣ ባሕር ኃይል ነው፤ ቀጭን፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። «ጨጓራዬን ያመኛል። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል አይስማማኝም» አለኝ። ጠዋት ሻይ እንኳን አይቀምስም። ከሰዓት በኋላ ኮቾሮውን ውሃ ውስጥ እየነከረ ይበላል። የወታደሩ ደረቅ ዳቦ ለጤነኛ ጥርስም ፈተና ነው፤ ለታመመ ጨጓራ እንዴት ይሆናል?

ሊያባርረኝ እያሰበ እንኳ አሳዘነኝ። እውነቱን ለመጻፍ ደግሞ፣ ጨጓራውን ካሻልኩለት ምናልባት አያወርደኝም ብዬም አስቤያለሁ።

ማታ ላይ ናኩዋ ትልቅ አምባዛ ዓሣ አጠመደ። ናኩዋ መንገድ መሪያችን ነው። የዳሰነች ሰው ስለሆነ ወንዙ የት ላይ አሸዋ እንደደበቀ ከቀለሙ ያውቃል። አምባዛው ጢም አለው፤ ቆዳው ልሙጥ ነው። አክስቴ ለታመመ ሰው የአምባዛ መረቅ ነው የምትሠራው። ነገ እሠራለታለሁ።

ረቡዕ

ጉድ ሆነ።

መረቁ አምሮ ነበር። ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ቃሪያ፣ ጨው። የዓሣውን ራስ ሳይቀር ጨምሬበታለሁ። ለአለቃው ከሰዓት በኋላ፣ እሱ በሚበላበት ሰዓት አቀረብኩለት። ማንኪያውን አስገብቶ ሲያወጣው የዓሣው ጢም ተንጠልጥሎ መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አምባዛ ነው ጓድ አለቃ። ለጨጓራዎ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ወንዝ ውስጥ ድፊው!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እደፋው ነበር። ሰው ሲቆጣኝ እጄ ቀድሞኝ ነው የሚታዘዘው። ዛሬ እጄ እምቢ አለ። «ምን አጠፋሁ?» ስል ድምፄን ሰማሁት። የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ።

«ድፊው ብያለሁ!»

«ምክንያቱን ይንገሩኝና እደፋዋለሁ።»

አለቃው አፉን ከፈተ፣ ወታደሮቹን ዞር ብሎ አየ፣ አፉን መልሶ ዘጋ። መካኒኩ ጋሽ በላቸው ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ቀረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አልደፋሁትም። እዚያው ቁጭ አልኩና መብላት ጀመርኩ። እኔ! ወንዶች ባሉበት ውሃ መዋጥ የሚያቅተኝ እኔ። ናኩዋ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና እጁን ሰደደ። «ጥሩ ነው» አለ። ድስቱን ሁለታችን ባዶ አደረግነው። አለቃው «አርብ!» ብሎ ጮኾብኝ ወደ ፊት ሄደ።

ጋሽ በላቸው በኋላ ውሃ የሚጠጣ መስሎ መጣ። በአገሬ ስም ነው የሚጠራኝ።

«አንቺ ጂንካ፣ ልታስጨርሺን ነው? የምን ጨጓራ! ሰውዬው ሁዳዴ እየጾመ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይናገርም?»

«የፓርቲ አባል ነዋ! ቅዳሜ ቅዳሜ ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እያለ የሚያስተምረን እሱ፣ እንዴት ጾምኩ ይበል? እኛ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አላወቅንም። ዓሣውንስ በጾም ይበላል፣ ባሕር ላይ የኖረ ሰው ነው። ቅርፊት የሌለውን ግን በእኛ ሃይማኖት የሚነካው የለም። አንቺ ደግሞ ጢሙን አንጠልጥለሽ ታመጪለታለሽ!»

በምን ላውቅ? እኛ ቤት ሁዳዴ የለም፤ የዓሣ ቅርፊትም የሚመረምር የለም። ሰው ጨጓራዬን ካለ ጨጓራውን ነው።

ከዚያ ጋሽ በላቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለነገሩ ኦሞራቴ ላለው ካድሬ አንዲት ቃል ጠብ ብታደርጊ፣ አርብ የሚወርደው እሱ ይሆናል» አለ። ይቀልድ አይቀልድ አላወቅኩም።

ሳስበው አመሸሁ። ጂንካ ጸሎት ቤታችን ሲታሸግ በአክስቴ ቤት፣ በር ዘግተን፣ በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው። አንድ ሰው ተናገረ። አክስቴን ወስደው አስረው አከረሟት። ያ ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማንም ይሁን፣ እሱን አልሆንም።

አልናገርም። ግን አልወርድምም።

ሐሙስ

ስንመለስ አሸዋ ላይ ተቀረቀርን። ወንዙ በዚህ ወር ስስ ነው። ናኩዋ በእጁ ወደ ግራ እያሳየ ሳለ መሪውን የያዘው ወታደር ዘገየ።

ሁሉም ወርደው መግፋት ጀመሩ። አለቃው «አንቺ ቁጭ በይ!» አለኝ። ቀሚሴን ቋጥሬ ወረድኩ። ማዶ ዳር ላይ አዞ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል። ጋሽ በላቸው «ጂንካ፣ ካየሽው አይመጣም፤ እያየሽው ግፊ!» ይለኛል። እያየሁት ገፋሁ። ጭቃው ጫማዬን ዋጠው። ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ ከሁሉም በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ። አፈርኩ፣ ግን ደስ የሚል እፍረት ነበር።

ናኩዋ እዚያው መረቡን ጥሎ ቆሮሶ ያዘልኝ። ቆሮሶ ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም ያብረቀርቃል። ፍቄ በዘይት ጠበስኩት። ቅርፊቱን ግን አልጣልኩትም፤ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ከመርኩት። ለአለቃው አስቀመጥኩና «ለጨጓራዎ» አልኩ።

ቅርፊቱን አየ። እኔን አየ።

«ማን ነገረሽ?» አለ በቀስታ።

«ምኑን ጓድ አለቃ?»

እስከ አጥንቱ በላው። ስለ አርብ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልጠየቅኩትም። አልለምነውም።

አርብ

ኦሞራቴ ስንደርስ የጂንካ መኪና ቆሟል። አጎቴ አጠገቡ አለ። አባቴ እኔን እንዲወስድ ነው የላከው። አክስቴ የክሊኒኩን በር ተደግፋ ታየናለች፤ ከስታለች፣ ቆማለች ግን።

አጎቴ ሰላም እንኳ ሳይለኝ ልብሴን የቋጠርኩበትን ጨርቄን ቀማኝ። «በይ ውጪ፣ ሰዎቹ ደግሰዋል። አባትሽ ቃል ሰጥቷል።»

ወታደሮቹ ሁሉ ያያሉ። ጆሮዬ ጋለ። መሬት መሬት ማየት ጀምሬ ነበር፤ ከዚያ ቀና አልኩ።

«ቃል የሰጠው አባቴ ነው። እሱ ያግባው!»

ጀልባዋ በሳቅ ልትገለበጥ ደረሰች። ጋሽ በላቸው ሞተሩን በመፍቻ ደበደበው። ናኩዋ እንኳ ሳቀ። አጎቴ ተቆጥቶ ወደ አለቃው ዞረ። «ጌታዬ፣ የመኪናው ሹፌር ዛሬ እንደምትወርድ ነግሮኛል። እርስዎ ነዎት አሉ ያዘዙት።»

አለቃው የተወለወለ ጫማውን አየ።

«አዝዤ ነበር» አለ። «አሁን ግን ጨጓራዬን ያመኛል። ለእሱ የሚስማማ የምትሠራልኝ እሷ ናት። እስኪሻለኝ አትወርድም።»

«መቼ ይሻልዎታል?»

ከኋላ ጋሽ በላቸው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንደሚመስለኝ፣ ለፋሲካ ሳይሻላቸው አይቀርም።» ወታደሮቹ ባንዴ ሳል ያዛቸው። አለቃው ምንም አልሰማም፤ ወንዙን ያያል።

አጎቴ ጨርቄን መሬት ላይ ወርውሮ ተሳፈረ። አባቴ ይቆጣል። ራሱ ሊመጣም ይችላል። መኪናውን ከነአቧራው እስኪጠፋ በዓይኔ ተከተልኩት፤ ከዚያ ጨርቄን አራግፌ ወደ ምድጃዬ ተመለስኩ።

አለቃው ሲያልፍ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ቀና ሳልል ተናገርኩት፣ ግን በአፌ ነው።

«ከፋሲካ በኋላም አልወርድም ጓድ አለቃ።»

«ምን አልሽ?»

ሰምቶኛል። ሁለተኛ አላልኩትም። ድስቱን በሽቦ አሰርኩት።