ከሞተሩ ሥር ያለው ካርቶን

ሰኞ

ዛሬም አፍስሷል። ጠዋት ከሞተር ሳይክሌ ሥር ያነጠፍኩትን ካርቶን ስስበው የሲኒ አፍ የሚያህል ጥቁር የዘይት ክብ ተኝቶበታል። ትናንትም እንዲሁ ነበር። የትናንቱን ግን ዋርሳዬ ማርቆስ አየው። ከቤሌ መጥቶ ምሳ በላ፣ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ አየና ዝም አለ። ማርቆስ ሲለፈልፍ ችግር የለም፣ ዝም ሲል ነው የምፈራው።

የፈራሁት አልቀረም። ማታ አማቴ ከሁምቦ ደወሉ። ባሌ ሳሙኤል በሕይወት ሳለ አባቱን "አዋ" ነበር የሚላቸው፣ እኔም ከእሱ ተምሬ እንደዚያው እላቸዋለሁ። "ልጄ፣ ሞተሩ ዘይት ያፈሳል አሉኝ። ሳሙኤል ቢኖር አያፈስም ነበር። ቅዳሜ ከማርቆስ ጋር እንመጣለን። ካልሆነልሽ እሱ ይውሰደው፤ ቆሞ ከሚበሰብስ።"

"እሺ አዋ" አልኩ። ሞተሩ የተገዛው እሳቸው በሬያቸውን ሸጠው ለልጃቸው በሰጡት ገንዘብ ነው። ግን ያለ ሞተር እኔ ምንድን ነኝ? የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፣ ቤቴ ሶዶ፣ ሥራዬ ሁምቦ ቆላ ውስጥ ነው። ኃላፊዬም ሞተር ከሌለሽ ቢሮ ቁጭ ብለሽ ሪፖርት ትሠሪያለሽ ብሎኛል። ቁጭ ማለት! እኔ ምሳዬን እንኳን ቆሜ ነው የምበላው። "ካልሆነልሽ" የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ተቀርቅራ ቀርታለች።

ማክሰኞ

የዘይት መቀየሪያው ጊዜ ደርሷል፣ በዚያው ፍሳሹንም እደፍናለሁ ብዬ ተነሳሁ። ሳሙኤል ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ ሲሠራ ማውራት ይወድ ነበር። የሚያስፈልገው፦ መፍቻ፣ ያረጀ ሳፋ፣ ጨርቅ፣ አዲስ ዘይት፣ ትዕግሥት። አራቱ አሉኝ።

አሮጌው ዘይት ቀጠን እንዲል ሞተሩን አስነስቼ ትንሽ አሞቅኩት። ከታች ያለውን ብሎን ስፈታው ዘይቱ ወረደ። ጎረቤቴ እማማ ዘነበች የአጥራቸውን እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ሊቀቡት በጣሳ ወሰዱት። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ።

ከዚያ ብሎኑን መለስኩ። ጠብታው የሚወድቀው ከእሱ ጫፍ ስለሆነ ጥፋተኛው እሱ ነው ብዬ ወስኜ አጠበቅኩት። አልበቃኝም። የእማማ ዘነበችን የብረት ቧንቧ ተውሼ መፍቻው ላይ ሰክቼ እንደገና አጠበቅኩት። የውስጤን ሁሉ በዚያ ብሎን ተወጣሁት፤ በማርቆስ፣ በኃላፊዬ፣ ጥሎኝ በሄደው በሳሙኤልም ጭምር ተናድጄ ነበር።

አዲሱን ዘይት ሞልቼ አስነሳሁት። ራት በልተን ሳየው ካርቶኑ ላይ የሳህን ያህል ፈስሷል። ንጹህ ሳፋ ከሥር አድርጌ ብሎኑን ፈትቼ ሳየው አንገቱ ላይ የምትገባው ስስ የመዳብ ቀለበት፣ ሮንዴላዋ፣ ተጨፍልቃ ተሰንጥቃለች። በገዛ እጄ። ልጄ ሳራ "እማዬ፣ በቃ ግቢ" ብላ ሁለቴ ጠራችኝ፣ ሁለቴም ተቆጣኋት።

ረቡዕ

ልክ ሞተሩ በቆመበት ቀን ከሁምቦ ተደወለ። ላም ምጥ ይዟታል፣ ጥጃው በጎኑ መጥቷል። መጀመሪያ ሚኒባስ፣ ከዚያ የአህያ ጋሪ። ጋሪው ላይ ተቀምጬ እግሬ ለብቻው ማርሽ ይቀይራል። ውረጂና ሩጪ ሩጪ አለኝ። ስደርስ ጥጃው ሞቷል። ላሟን አተረፍኳት። ባለቤቱ አልወቀሰኝም፣ "ሞተሩስ?" ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልወጣ ስል የሚያነክስ በሬ አሳየኝ። ሰኮናው ላይ እሾህ አለበት ይላል። ሰኮናውን አጥቤ አየሁት፣ ምንም የለበትም። እግሩን ይዤ ወደ ላይ እየዳበስኩ ሄድኩ፣ ትከሻው ላይ ስደርስ ዘለለ። "ሕመሙ እዚህ ነው፤ አንተ የሚታይህ እታች ነው" አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ! ግማሽ መንገድ ላይ ነው የገባኝ። ብሎኑ እኮ የሞተሩ ሰኮና ነው። ዘይቱ ከላይ ከሌላ ቦታ ወርዶ እዚያ ጫፍ ላይ መንጠባጠብ ይችላል። ለገበሬው አዋቂ፣ ለራሴ ደንቆሮ። ጋሪው ላይ ብቻዬን ስስቅ ባለጋሪው ዞር ብሎ አየኝ።

ሐሙስ

ፈቃድ ጠየቅኩ። ኃላፊዬ ፈረመልኝ፣ ፊቱ ግን አልፈረመም።

አዲስ ሮንዴላ ገዝቼ አስገባሁ። ብሎኑን በመፍቻ ብቻ አጠበቅኩት፣ እምቢ ሲለኝ አቆምኩ። ሳፋው ላይ የነበረውን ዘይት መልሼ የጎደለውን ሞላሁ። ከዚያ ሞተሩን በነጭ ጋዝ አጠብኩት፣ በጨርቅ አደረቅኩት፣ የበቆሎ ዱቄት አምጥቼ ከላይ እስከ ታች ነሰነስኩበት። ዘይት የወጣበት ቦታ ዱቄቱን ያረጥበዋል ብዬ ነው። ሳራ በር ላይ ቆማ "እማዬ፣ ገንፎ ልታደርጊው ነው?" አለች። እማማ ዘነበች እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ይሳቁ።

ቀስ ብዬ እስከ ቤተ ክርስቲያናችን በር ነድቼ ተመለስኩ። በዱቄት የነጣ ሞተር የሚነዳ ሰው አይቶ የማያውቅ ይመስል፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ግቢ ገብቼ ተንበረከክኩ። ብሎኑ ደረቅ። በቀኝ በኩል ካለው ክዳን ጠርዝ ግን አንድ ቀጭን እርጥብ መስመር ወደ ታች ወርዷል።

አገኘሁህ!

ዓርብ

በክዳኑና በሞተሩ መሃል የሚገባው ስስ ወረቀት፣ ጋርኒሲዮኑ፣ አርጅቶ ተበልቷል። የተቆረጠ አዲስ ፍለጋ መለዋወጫ ሱቆቹን አዳረስኩ፣ ለኔ ሞተር የሚሆን የለም። ያልተቆረጠውን ወረቀት ገዝቼ ተመለስኩ።

ዘይቱን በንጹህ ሳፋ አወረድኩ፣ ክዳኑን ፈታሁ። የተጣበቀውን አሮጌ ወረቀት በሳሙኤል የጢም ምላጭ ፋቅኩት። ምላጩን እስከ ዛሬ ያልጣልኩት ለዚህ አልነበረም። ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ መፋቄን ቀጠልኩ።

አዲሱን ወረቀት ክዳኑ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን በመዶሻ ኳ ኳ ማድረግ ነው፤ ብረቱ ራሱ ይቆርጠዋል። ሳሙኤል እንደዚያ ሲያደርግ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያው ተቀደደብኝ፣ ቸኮልኩ። ሁለተኛውን እየዘመርኩ ቆረጥኩት፣ መዝሙር እጄን ቀስ ያደርገዋል። ብሎኖቹን አንዱን ትንሽ፣ ፊት ለፊቱን ትንሽ እያልኩ አዙሬ አጠበቅኩ። የእማማ ዘነበችን ቧንቧ አስቀድሜ መልሼላቸዋለሁ፣ እንዳልፈተን።

ዘይቱን ሞልቼ አስነሳሁት። አዲስ ካርቶን አነጠፍኩ። እስከ ጠዋት አላየውም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

አየሁት። ደረቅ ነው። እንደገና ልየው?

ቅዳሜ

መጡ። አዋ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ማርቆስ የሞተር ቆብ ይዞ። ቆቡን ሳይ ገባኝ፤ ለመጠየቅ ሳይሆን ለመውሰድ ነው የመጣው።

ካርቶኑን ስቤ አሳየኋቸው። ማርቆስ አገላብጦ አየው። "ቆሞማ አያፈስም። የሚለየው መንገድ ላይ ነው" አለ። ተናደድኩ፣ ግን እውነቱን ነው። አዋ ካርቶኑንም እኔንም አዩ። ከዚያ፣ "እንግዲያው አንቺ ቤቴ አድርሺኝ" አሉ። ማርቆስ ቆቡን ሲያቀብላቸው ዓይኑ መሬት ላይ ነበር።

በሶዶ መሃል እኒያን የሚያህሉ ሽማግሌ ከኋላዬ አፈናጥጬ አለፍኩ። በመጀመሪያ ወንበሩን ነበር የያዙት፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር ትከሻዬን ያዙ። ሙቀቱ እየጨመረ መጣ፣ ከአስፋልቱ ወጥተን አቧራው ውስጥ ገባን። ዘይት ነክቶት እንደሆነ በየኩርባው ቀኝ እግሬን ስመለከት ሞተሩ ሊጥለኝ ደርሶ ነበር።

ግቢያቸው ገብቼ ሳሙኤል ያቆምበት የነበረው ማንጎ ሥር አቆምኩ። አዋ ቀስ ብለው ወረዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ጣታቸውን ከሞተሩ ሥር ሰድደው አበሱና አወጡት። ጣታቸውን ዓይኔ ሥር አመጡት።

"አቧራ ነው" አሉ።

ግን ቀና አላሉም። ከሞተሩ አጠገብ ሣር ያልበቀለበት አንድ ጥቁር መሬት አለ፣ እሱን በእጃቸው ዳሰሱት። "ሳሙኤል ሲመጣ የሚያንጠባጥበው ነው። ቢኖር አያፈስም ነበር ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ልጆቹ ሊቆፍሩት ሲሉ ከልክያለሁ።" ከዚያ ቀና ብለው፣ "ሞተሩ ያንቺ ነው። ለማርቆስ እኔ እነግረዋለሁ" አሉ።

"እሺ አዋ" አልኩ።

የምፈልገውን አገኘሁ፣ ጌታ ይመስገን፣ ደስታዬ ግን ሙሉ አልሆነም። ልነሳ ስል ማንጎው ሥር አጎንብሼ ፈለግኩ። እንደ ሳሙኤል አንዲት ጠብታ እንኳን ብተውላቸው ብዬ ነበር፣ የለም። እቤት ስደርስ፣ ምናልባት ያንጠባጥብ ይሆናል ብዬ፣ ካርቶኑን አነጠፍኩ።