አዳራሹ ዝም ያለ ዕለት

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ዝናብ። እንደ ትናንቱ፣ እንደ ከትናንት በስቲያው።

አባዬ እንደ ልማዱ ቀድሞኝ ተነሥቶ የሁለታችንንም ምሳ ጠቅልሏል። ዳቦ፣ ቡናማ አይብ፣ በየቁራጩ መካከል ስስ ወረቀት። ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ አባቴ ምሳ ይቋጥርልኛል... ደስ ይለኛል ደግሞ። አብረን በእግር ወደ ፋብሪካው ወረድን። እርሱ ማሽኖቹ ወዳሉበት አዳራሽ፣ እኔ ወደ ላይ፣ ወደ መለኪያ ክፍሌ።

አክስቴ ቦርግሂል በስልክ ምን እንደምንሠራ ጠየቀችኝ። ውኃን በኤሌክትሪክ እንከፍላለን፣ ሃይድሮጂኑን ከአየር ከምንወስደው ናይትሮጂን ጋር አዋህደን አሞኒያ እናደርጋለን፣ አሞኒያው ማዳበሪያ ይሆናል አልኳት። ጭስ የለውም። ወንድሟ፣ አባዬ፣ በወጣትነቱ ይሠራ የነበረው ይህንኑ አልነበረም እንዴ? አለች። ነበር። በዚያው አዳራሽ፣ በፏፏቴው ኃይል። ከዚያ የተፈጥሮ ጋዝ ረከሰና አዳራሹ ተዘጋ፤ አባዬ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነዳ። አሁን ውኃ የሚከፍሉትን ሴሎች ጠባይ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለጠፋ፣ በስድሳ ሰባት ዓመቱ መልሰው ጠሩት።

የጠሩት ቀን ጫማውን ሁለት ጊዜ ቦረሸ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17

ምሳ ላይ ትሪግቬ አባዬን ሲተነኩሰው ዋለ። በአዳራሹ ውስጥ አብረው የሚሠሩ ናቸው። "ሽማግሌው፣ ሴሎቹ ዛሬ ምን አሉህ?" አባዬ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጣቸው አይቶ ነው። "ከአንተ የተሻለ ቁም ነገር ያወራሉ" አለው።

የድሮውን ልማድ ነገረን። አዳራሹ ሌትም ቀንም፣ ገናም ፋሲካም አይቆምም ነበር። በስህተቱ ያስቆመ ሰው ለተረኞቹ ሁሉ ኬክ ጋግሮ ያመጣል። ስንት ኬክ እንዳመጣ ተጠየቀ። አንድም። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሠርቶ፣ አንድም።

የዛሬው አዳራሽ ግን ይቆማል። ሊቆም ይገባዋል። ኃይላችን ከነፋስ ነው፤ ነፋሱ ሲደክም ኃይሉ ይወርዳል። ከሙሉው ሃያ በመቶ በታች ሲወርድ ሃይድሮጂኑ ሁለቱን ጋዞች በሚለየው መጋረጃ ሾልኮ ወደ ኦክስጅኑ ይገባል። ሁለት በመቶ ሲደርስ ማንቂያው ይጮኻል፤ አራት ከደረሰ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ሴሎቹን በራሱ የሚያጠፋው መሣሪያ ከውጭ እስኪመጣ በእጅ ነው የሚጠፋው። የደኅንነት መመሪያውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ግልጽ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከዐሥር። ነፋሱ ከረፋዱ ጀምሮ የለም። መዝገቡን ስከፍት ኃይሉ ዐሥራ ሁለት በመቶ። በኦክስጅኑ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ሁለት ነጥብ ሦስት። ማንቂያው ዝም። ለምን ዝም? አጠገቡ ተመዝግቧል፦ በእጅ የተዘጋ፣ ሃልቮር። ወደ ኋላ ሄድኩ። ባለፈው ሳምንትም ሁለት ጊዜ ዘግቶታል።

አባዬ።

መለኪያውን ፈተሽኩ። ልክ ነው። ደግሜ ፈተሽኩ። ልክ ነው።

መመሪያው የሚለው፦ አደጋውን ያየ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሥራ አስኪያጇና ለደኅንነት ክፍሉ በጽሑፍ ያሳውቃል። ተቀምጬ ጻፍኩ። አንድ ገጽ። ቁጥሮቹን ሁሉ፣ ሰዓቶቹን ሁሉ፣ ስሙንም። ላክሁ።

ሥራ አስኪያጃችን ኢንጉን ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ተናገረች። ሴሎቹ ይቁሙ። ሃልቮር ከመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ይራቅ። ፋብሪካው ሁሉ ሰማ። ከዚያ አዳራሹ ዝም አለ።

በመስኮቱ ወደ ታች አየሁ። እጆቹን ከሰውነቱ አርቆ ቆሟል... እንደተያዘ ሌባ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 13

ጠዋት ዳቦዬን ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አኑሮልኛል። አንድ ጥቅል ብቻ። የእርሱ የለም።

ከሥራ ስመለስ ወጥ ቤት ተቀምጧል፤ መብራት አላበራም። ለምን እንደዘጋው ጠየቅሁት። ሴሎቹ ጤነኛ ድምፅ ነበራቸው አለ፤ ነፋሱ እስኪመለስ ትንሽ ልታገሥ ብሎ ነው። ደግሞስ አዳራሽ እንዴት በየምክንያቱ ይቆማል? ወንዙ አይቆምም ነበር፣ አባዬ፣ አልኩት። የእናንተ ሴሎች በዐሥራ ሁለት በመቶ ሠርተው አያውቁም። ጆሮህ ይህን ድምፅ አልተማረውም።

ሲገባው አየሁት። ከዚያ ቀስ ብሎ፦

"አደጋ መሆኑን አምነሽበታል?"

"አዎ።"

"እኔ ከሥሩ ቆሜ ሳለሁ?"

መብራቱን አበራሁ።

"ታዲያ ምን ይዞሽ ተቀምጠሽ ጻፍሽ? ወርደሽ፣ አባዬ አጥፋው ብትዪኝ ምን ነበረበት? አጠፋው ነበር እኮ።"

ትቼው ወደ ክፍሌ ገባሁ። ለዚህ ደብተር ግን አልዋሽም። ወርጄ ፊቱን ካየሁ እንደማልጽፍ ፈራሁ። ስለዚህ ወረቀቱን አስቀደምኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 18

አዳራሹ ለምርመራ እንደቆመ ነው። በእግር ስወርድ የወንዙ ድምፅ ብቻ።

በምሳ ሰዓት አባዬ መጣ። መግባት ስለተከለከለ በሩ ላይ ቆሞ ትሪግቬን አስጠራው። ኬክ ይዟል። የክሬም ኬክ፣ ራሱ የጋገረው፤ መካከሉ ትንሽ ሰምጧል። ትሪግቬ ተቀብሎ ምሳ ክፍሉ አምጥቶ አስቀመጠው። ሁላችንም ምን እንደሆነ ዐወቅን። ማንም አልቀለደም። ትሪግቬ እየቆረሰ ለየሰዉ ሰጠ፣ ለእኔም። ሁሉም ስለበሉ በላሁ።



ዓርብ፣ ኖቬምበር 29

ኢንጉን ቢሮዋ ጠርታ አመሰገነችኝ። ሪፖርቴ አርአያ የሚሆን ነው አለች፤ ስሙ ተሰርዞ ለአዲስ ሠራተኞች ማስተማሪያ ይሆናል። በዚህች ከተማ ስም ቢሰረዝ ማንን ይሸውዳል?

አባዬ ከእንግዲህ ወደ አዳራሹ እንዳይገባ ተወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነው። እኔም ብሆን ይህንኑ እወስን ነበር... ይህን እያሰብኩ ቤት ገብቼ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 24

ሁለት ሰው። የበግ ጎድን፣ ድንች። የእናቴ ሻማ መያዣ፤ እናቴ ብትኖር ምን ትለን ነበር? "ጨው አቀብዪኝ፣ ኢንጂነር" አለኝ። በድሮው አዳራሽ ፎቅ ላይ የተቀመጡትን እንዲህ ነበር የሚጠሯቸው።

አቀበልኩት።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 5

ሄደ። አንድ ሻንጣ። ደሴቲቱ ላይ፣ አክስቴ ቦርግሂል ዘንድ። ጣሪያዋ ጥገና ይፈልጋል አለ። በጃንዋሪ ጣሪያ የሚጠግን ማን ነው?

ጀልባው ላይ ከመሳፈሩ በፊት እጁን ዘረጋልኝ። አባቴን ጨብጬ አላውቅም ነበር። የሴሎቹ ፈሳሽ ድሮ ያቃጠለው ጠባሳ በጣቴ ሥር ሻከረኝ።

እሑድ፣ ማርች 16

አክስቴ ዘንድ ስደውል ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን እርሱ አነሣው። ስለ አየሩ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ጣሪያው አወራን። ከዚያ ቤት እንዲመጣ ለመንኩት።

"ልክ ነበርሽ፣ ልጄ" አለ። "ያ ነገር ይፈነዳ ነበር። ትሪግቬ ሁለት ሕፃናት አሉት። እነርሱን እያሰብኩ ነው የምውለው።"

"ታዲያ ተመለስ።"

"ልክ ባትሆኚ ኖሮ እመለስ ነበር። ተጣልተን እንታረቅ ነበር። አሁን በምን ልጣላሽ?"

ልጄ አለኝ። ከኖቬምበር ወዲህ የመጀመሪያው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ካፖርቴን እንደለበስኩ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ሜይ 9

የመጀመሪያው ማዳበሪያችን ወጣ። በግ አርቢዋ ጎረቤታችን ጉንቮር መስኳ ላይ በተነችው። ትንንሽ ነጭ ፍሬ፤ ከውኃ፣ ከአየር፣ ከነፋስ የመጣ። ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ እኔንም አነሣኝ። ሃልቮር ይህን ማየት ነበረበት አለች ጉንቮር። ከዚያ እኔን አየችና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረች።

አንድ እፍኝ በፖስታ ልልክለት አስቤ ነበር። ማዳበሪያ በፖስታ መላክ ክልክል ነው። ደንቡን ፈልጌ አነበብኩት።

አልላክሁም።

ማክሰኞ፣ ጁን 3

ነፋስ የለም። ፊዮርዱ፣ በተራሮቹ መካከል የገባው የባሕር ሰርጥ፣ እንደ መስተዋት። በራሱ የሚያጠፋው መሣሪያ አሁንም አልመጣም።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ኃይሉ ወደ ዐሥራ ስምንት ወረደ። ሃይድሮጂኑ አንድ ነጥብ ዘጠኝ፣ እየወጣ። በመስኮቱ አየሁ። ትሪግቬ ለሰሌዳው ጀርባውን ሰጥቶ ፓምፕ ይፈታል። የሪፖርቱን ቅጽ ከፍቼ ነበር። ቀኑን ሞልቼ ነበር። ተውኩትና ወረድኩ።

"ትሪግቬ፣ አጥፋው።"

ዞር ብሎ ሰሌዳውን አየ። ፊቱ ነጣ። አጠፋው። አዳራሹ ዝም አለ። ሳላየው ቀረሁ አለ። ዐውቃለሁ አልኩት። እንደምጽፈውም ነገርኩት። "ጻፊው እንጂ" አለኝ፤ "ራስሽ ወርደሽ ስለነገርሽኝ ግን አመሰግናለሁ።"

ወደ ላይ ተመልሼ ጻፍኩ። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ ስሙንም።

ለሪፖርቱ ስለሚያስፈልግ ሰዓቴን ይዤ ነበር። ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ደረጃውን ወርጄ፣ ነግሬው እስክመለስ... ሦስት ደቂቃ።