እማዬ ቪዛ የጠየቀችበት ምክንያት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለሱሀይር፣ ኻርቱም።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጨጓራሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ያንን ፉል በባዶ ሆድሽ ትበያለሽ? ባለቤትሽ ሁዛይፋስ ደህና ነው? ትንሿ ዱንያ አማርኛ ትሞክራለች ወይስ የምትጣላሽ በአረብኛ ብቻ ነው? ሙቀቱስ እንዴት አድርጓችኋል? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ምንም አልሆነችም። ትንሹ ወንድማችን ሙራድ አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ ሱቁን ከእኔ ጋር ይይዛል። ሚሊኒየም ነው ብሎ አገሩ ሁሉ ልብስ ስላሰፋ ክርና ዚፕ ስንሸጥ ከረምን፤ አሁን ገበያው ትንሽ በረድ ብሏል።

እማዬ ልትጠይቅሽ እንደምትመጣ በስልክ ስነግርሽ በደስታ አለቀስሽ። የጥሪ ወረቀቱና የመኖሪያ ፈቃድሽ ኮፒም ደርሰውናል፤ ቪዛውም ተመቶልናል። በስልክ የነገርኩሽ ቀን ግን እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ስለነበር ሁሉንም መናገር አልቻልኩም። ጎረቤታችን ጋሼ ይመር ሽቶ ሊያመጣ ወደ እናንተ ስለሚነሳ ይህን ደብዳቤ ከእሷ ቀድሞ እንዲያደርስልሽ ለመንኩት። ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ወንድማችን ፉርቃን ፓስፖርትም ቪዛም ሳይኖረው ከደላላ ጋር በመተማ በኩል ወጥቶ የደረሰበትን ታውቂያለሽ። አብሮት የሄደው ጃፋር ተመልሶ ሲመጣ፣ መኪናው ገዳሪፍን አለፍ ብሎ እንደተገለበጠና ፉርቃን እዚያው እንዳረፈ፣ የመንደሩ ሰዎችም አጥበው፣ ሰግደውበት እንደቀበሩት ነገረን። ይህን ነግሬሻለሁ። እማዬ ጃፋርን ምን ብላ እንደጠየቀችው ግን አልነገርኩሽም። እንዴት ሞተ አላለችውም። ምን ተናገረም አላለችውም። «ሲቀብሩት ስሙን ያውቁ ነበር ወይ?» አለችው። ጃፋር አንገቱን ደፋ። እሱ በአደጋው ራሱን ስቶ ሐኪም ቤት ተወስዶ ስለነበር ለቀብሩ አልደረሰም። በኋላ ሄዶ ሲጠይቅ የመንደሩ ሰዎች ቦታውን አሳይተውታል። «የሀበሻው መቃብር» ነው የሚሉት። ስሙን የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ጃፋርም ወረቀት ስላልነበረው ፈርቶ ሳይናገር ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን እንደ ድሮው አይደለም። ፉርቃን ሸክሙን አራግፎ በሱቃችን በኩል ሲያልፍ በሩን በጣቱ አንጓ ሁለቴ መታ አድርጎ ይሄድ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እማዬ አመሻሽ ላይ፣ ከአስር ሰላት በኋላ ሱቅ መጥታ ስትቀመጥ ድንገት ቀና ትልና «በሩ ተመታ» ትላለች። ሙራድ ወጥቶ ያያል፤ መንገደኛና ጋሪ እንጂ ማንም የለም። መጀመሪያ ሐዘን ነው፣ ያልፋል አልን። ሼሁም መጥተው ቁርኣን ቀሩባት። እሷ ግን አትፈራም፤ አታለቅስምም። አንድ ቀን ሙራድ ተናዶ «እማዬ፣ የሞተ ሰው በር አይመታም» ሲላት፣ ቀስ ብላ «እዚያ የሚጠራው የለም፤ ስሙን ሊሰማ ነው የሚመጣው» አለችው። ከዚያ በኋላ ሙራድ ለሁለት ቀን ሱቅ አልመጣም።

እትዬ፣ የምነግርሽን አትሳቂብኝ። እኔም ሰማሁት። እማዬ ያን ቀን ጉልበቷን አሟት ቤት ቀርታ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እታገኝ ጥቁር ክር ፈልጋ መጥታ እኔ መደርደሪያው ስር ጎንበስ ብያለሁ። በሩ ሁለቴ ተመታ። ቀና ሳልል «ግባ ፉርቃን» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። እታገኝ ዞር ብላ በሩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ማንም የለም እኮ ሀፍሷ» አለች። ክሩንም ሳትወስድ ሄደች።

ስለዚህ እማዬ «ሱዳን ልሄድ ነው፤ እንደሱ በጓሮ ሳይሆን በበሩ፣ በወረቀት ነው የምገባው» ስትል አልተከራከርኳትም። ደላላ በቀላሉ አሻግራታለሁ ቢለንም ጭራሽ አልሰማችውም። መጀመሪያ ፓስፖርት ልናወጣ ኢሚግሬሽን ሄድን። የተወለደችበትን ዓመት ሲጠይቋት «በርበሬያችንን በረዶ የመታው ክረምት ነው» አለቻቸው። ሰውየው ሳቅ ብሎ መታወቂያዋ ላይ ያለውን ጻፈላት። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱንም፣ ፎቶውንም፣ ሁሉንም ፌስታል ውስጥ አድርጋ ደረቷ ላይ ይዛ ነው የምትዞረው፤ ለእኔ እንኳ አትሰጠኝም።

ፎቶ ተነስተን ስንመለስ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ታክሲ እየጠበቅን እጄን ለቀቀችኝ። ዞር ስል የለችም። ከሩቅ ነጠላዋን አየሁት፤ ወደ አትክልት ተራ እየሮጠች ነው፤ ያ የሚያማት ጉልበት የት ሄደ? ስደርስባት የድንች ኬሻ የተሸከመ ወጣት ፊት ቆማለች። ከኋላው ሲታይ ትከሻው፣ አረማመዱ፣ ግራ እግሩን ወደ ውጭ መወርወሩ፣ እትዬ፣ እኔንም ልቤን አቆመው። ፊቱ ግን ሌላ ነው። ልጁ ኬሻውን አውርዶ «እናቴ፣ ሰው ተመሳስሎብዎት ነው፤ እኔ ቶላ ነኝ፤ ከአምቦ ነው የመጣሁት» አላት። «አውቃለሁ ልጄ» አለችው፣ «አካሄድህ ብቻ ነው።» ከዚያ እናቱ ያለበትን ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። «አልነገርኳትም» አላት። «ደውልላት» አለችውና ፊቱን በእጇ ዳበሰችው። ያ ሁሉ ሰው እየገፋን ሲያልፍ ልጁ ሳይንቀሳቀስ ቆሞላት ነበር።

ኤምባሲ የሄድን ቀን የምትለውን አስጠንቻት ነበር፤ ልጄን ልጠይቅ ነው በይ ብያት ነበር። ወረቀቱን የሚቀበለው ሰውዬ አማርኛ አሳምሮ ይናገራል። ያንቺን የጥሪ ወረቀት አየና «ልጅዎን ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት?» አላት። «እዚያ ሁለት ልጆች ናቸው ያሉኝ» አለችው። እኔ በክርኔ ጎሰም አደረግኳት፤ አልሰማችኝም። «የሁለተኛው የመኖሪያ ፈቃድስ?» ሲላት «እሱ ፈቃድ የለውም፤ ከመሬት በታች ነው። የመንደሩ ሰዎች ደግ ናቸው፣ ቀብረውታል፤ ስሙን ግን አያውቁትም። ልነግራቸው ነው የምሄደው» አለችው። በቃ ተበላሸ ብዬ መሬት መሬት አየሁ። ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ የፉርቃንን ስም ጠየቃት፤ ነገረችው። «አላህ ይርሀመው» አለና ስሙን ጠርቶ ዱዓ አደረገለት። ማመልከቻው ላይ ግን «ልጅን መጠየቅ» የሚለውን እንዳለ ተወው። በቀጠሯችን ቀን ስንሄድ ቪዛው ተመቶ ጠበቀን።

እንግዲህ እትዬ፣ እማዬ የምትመጣው ኻርቱም ለመቀመጥ አይደለም። ከአውቶቡስ ተራ ተነስተን በጎንደር በኩል እስከ መተማ እኔ እሸኛታለሁ። ፓስፖርት ስለሌለኝ ከዚያ ወዲያ አልሻገርም፤ የድንበሩን ድልድይ ብቻዋን ነው የምታልፈው። ሁዛይፋ በወዲያኛው በኩል ቆሞ ይቀበላት። መጀመሪያ ወደ መንደሩ ውሰዷት፤ ጃፋር የመንደሩን ስምና ምልክቱን ለጋሼ ይመር በደንብ ነግሮታል። አንቺ ይህ ነገር ያሳብዳታል ትይ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። አሁን የምፈራው ባትሄድ ነው። ስትገባ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ እንዳለባት ነግረውናል፤ እሱን እንዳትረሱ፤ ከወረቀት ውጭ ምንም ነገር እንድታደርግ አትፈልግም።

ቪዛው የአንድ ወር ነው። ማታ ራት ላይ ሙራድ ሲያነብላት «ወሩ ሲያልቅስ?» አለችው። «መውጣት አለብሽ፤ ካልወጣሽ ያስወጡሻል» አላት። ጉርሻዋን መልሳ ሰሃኑ ላይ አስቀመጠችና «እሱን እኮ ማንም ውጣ አይለውም» አለች። ከዚያ ወዲያ አልበላችም፤ እኛም አልበላንም።

ሁዛይፋን ሰላም በይልኝ፤ ለሚያየው ድካም ሁሉ አላህ ይክፈለው። ዱንያን ጉንጮቿን ስሚልኝ። ሙራድን በጣም ናፍቀሽዋል፤ እሱ እንኳ አይልም፣ እኔ ነኝ የምልልሽ። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላም ብለውሻል፤ እታገኝም ጭምር፤ ተመልሳ መጥታ ክሯን ወስዳለች። እማዬን አደራ። ለዚያ መንደር ሰዎችም፣ ስማቸውን ባላውቀውም፣ ወንድማችንን ላጠቡት እጆች፣ ከሀፍሷ ከእህቱ ሰላምታ አድርሺልኝ።

እህትሽ ሀፍሷ
መርካቶ፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 21 ቀን 2000 ዓ.ም.