ለአዱሬ ጓደኛ ስለማምጣት

ሰበታ፣ የካቲት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘችው ኤዶም ናት፤ የጓሮዋን ክፍል የተከራየችው፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራው የወላይታ ልጅ። ታውቂያታለሽ፤ በረመዳን ሾርባ ትልኪላት ነበር። ሰሞኑን ፋብሪካው ስለተዘጋ ቤት ውላለች። ያልኩትን እንዳልኩት ጻፊ፣ አታሳምሪው ብያታለሁ። እጁ የእሷ ነው፣ አፉ የእኔ ነው።

ለልጆቼ እናት፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? የሱሉልታ ብርድ ለጉልበት እንደማይሆን ከእኔ የበለጠ አንቺ ታውቂያለሽ። የምትቀቢው መድኃኒት እዚህ ቀርቷል፣ ሳጥኑ ውስጥ አለ፣ አልነካሁትም። እኔን ከጠየቅሽ፣ መጠየቁን እንኳ አትጠይቂም፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የግራ ጥርሴ ያመኛል እንጂ ሌላ ምንም የለብኝም።

ለምን አልደወለም ትይ ይሆናል። ደውዬ ነበር። ሁለት ጊዜ ኢብሮ አነሳው፣ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት። ከወንድምሽ ጋር ያለኝ ነገር በስልክ የሚያልቅ አይደለም።

ይህን የማስጽፈው ስለ ድመቷ ነው። ሌላ ነገር እንዳትጠብቂ።

ድመትሽ ከሄድሽ ወዲህ ሰው አልሆነችም። ኤዶም እዚህ ላይ ሳቀች። ምን ያስቃል፣ ጻፊው አልኳት። ቀኑን ሙሉ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። ከሱቅ ስመለስ እኔን አታይም፣ ከኋላዬ ያለውን ነው የምታየው። ከኋላዬ ማንም እንደሌለ ስታረጋግጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትገባለች። በገዛ ቤቴ በድመት መናቅ ነበር የቀረኝ፣ እሱንም አየሁት። ጉበት ገዛሁላት። በዚህ ዕድሜዬ ለድመት ጉበት ገዝቼ አላውቅም፤ ባለሉካንዳው በሰው ፊት፣ ሐጂ ቤትዎ አራስ አለ እንዴ ብሎ አላገጠብኝ። አሽትታ ተወችው።

ድመት፣ ነይ ብዬ ብጠራት ጆሮዋን እንኳ አታዞርም። ያበላሸሻት አንቺ ነሽ። ድመትን በኦሮምኛ ድመት ብሎ መጥራት ስም ማውጣት ነው? አዱሬ። እኔ ደግሞ ያቺን ቃል ከወረወርሽብኝ ቀን ጀምሮ በቤቴ ውስጥ ኦሮምኛ አልናገርም ብዬ ምዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ቻልኩ። ከዚያ ልብስ ሰፊው አብዶ እንዳይሰማኝ በሩን ዘጋሁና፣ አዱሬ፣ ኮቱ አልኳት። መጣች። እግሬ ሥር ተኛች። ይኸው መሐላዬን በድመት አፈረስኩ።

እንግዲህ የዚያን ቀን ነገር መነሳቱ ካልቀረ ላንሳው። ኅዳር አሥራ ስምንት ነው። ሰልፍ የወጡት ልጆች ሱቅ ዝጉ ብለው ዘግተናል፤ ሚሊሻው ደግሞ ለምን ዘጋችሁ፣ እናሽገዋለን እያለ በር ለበር ይዞራል። ስንከፍት በልጆቹ፣ ስንዘጋ በመንግሥት። እንደዚያ ሆድ ሲብሰኝ ከርሞ ቤት ገብቼ ቁጭ እንዳልኩ ነው ኢብሮ ደውሎልሽ፣ ማሳዬን ያጠረው ሰው ባልሽ ነው ያለሽ። ጠየቅሽኝ። ከደላላ ነው የገዛሁት፣ የማን እንደነበረ አላውቅም አልኩሽ። አርባ ዓመት አንቱ ስትይኝ የኖርሽ ሴት አንተ አልሽኝ። አንተ መጤ፣ አልሽኝ። እህቴ ጀዋሂር ተቀምጣ፣ አብዶ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን አቁሞ እየሰማ።

ከስልጤ የወጣሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ይህ ከተማ መንደር ሳለ ነው የመጣሁት። አራት ልጅ ወልጄበታለሁ፣ ሁለቱን ቀብሬበታለሁ። ማረሻና ማጭድ፣ ገመድና ቀንበር ስሸጥ የዚህን አገር ገበሬ የአያቱን ስም ሳይቀር አውቃለሁ። መጤ ካልሽኝ ይኸው አልኩና እኔም የማይባለውን አልኩ። ፈትቼሻለሁ አልኩሽ። አንዴ ነው ያልኩት። ጀዋሂርም አብዶም አንዴ እንደሆነ ይመሰክራሉ።

በዚያው ቀን ሻንጣሽን ይዘሽ መውጣትሽ ደግሞ ጥፋት ነው። ይህን አልተውልሽም። የተፈታች ሴት ኢዳዋን፣ የመቆያ ጊዜዋን፣ የምትጨርሰው በባሏ ቤት ነው፤ ሼህ ሸምሰዲንን ጠይቄ ነው የምናገረው። እሳቸው ያሉትን ልንገርሽ፣ ማወቁ አይጎዳሽም። አንዴ የተፈታች ሴት ሦስት ወሯ እስኪሞላ ድረስ ባልየው ሁለት ምስክር አስቀምጦ መልሼሻለሁ ካለ ትዳሩ እንደነበረ ይቀጥላል፤ አዲስ ኒካህ የለ፣ ሽማግሌ የለ። ቀኑ ካለፈ ግን እንደ ባዕድ ነው። በጨረቃ ቆጥረው የካቲት አሥራ ስድስት ይሞላል አሉኝ። እርስዎ ይቁጠሩልኝ ብዬ አልለመንኳቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የቆጠሩት። አንድ ቃል ናት፣ ምን አስቸገረህ አሉኝ። ሼህ፣ እኔ ያልኩትን የምውጥ ሰው አይደለሁም አልኳቸው። እንግዲያው ድመትህን ይዘህ ኑር አሉኝ። ይኸው ይዤ እኖራለሁ።

ወደ ድመቷ ልመለስ።

ጀዋሂር ከቡራዩ ልትጠይቀኝ መጥታ አየቻት። ይቺ ብቸኝነት ነው ያመማት፣ ጓደኛ ያስፈልጋታል አለች። እኔ ግራ ገባኝ። ድመት ጓደኛ ትፈልጋለች ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አብዶን ብጠይቀው፣ አንድ ድመት አይጥ ትይዛለች፣ ሁለት ድመት ይጫወታሉ፣ አይጥ ይወልዳል አለኝ። ኤዶም ግን፣ አባባ፣ እኔም ብቻዬን እዚህ አገር ስመጣ ምግብ አልበላ ብሎኝ ነበር አለችኝ። ይህን ራሷ እየጻፈችው ነው። እሷ ያለችው ከበደኝና እሺ አልኩ።

በሳምንቱ ጀዋሂር በብስኩት ካርቶን አንዲት ነጭ የድመት ልጅ ይዛ መጣች። ጀዋሂርን ታውቂያታለሽ፣ ባዶ እጇን አትመጣም፣ በአንድ ነገርም አትመጣም። ካርቶኑን እንዳስቀመጠች፣ ቡራዩ ውስጥ አንዲት ጨዋ ሴት አለች፣ ባሏ ሞቶባት ሦስት ዓመት ሆናት፣ እጇ ባለሙያ ነው ብላ ጀመረች። አፍሽን ዝጊ አላልኳትም። ልዋሽሽ አልፈልግም። እስክትጨርስ ሰማኋት።

ነጯ ድመት ከመጣች ሰዓት ጀምሮ ቤቱን ያዘችው። ጉበቱን በላች። ወተቱን ጠጣች። ከዚያ ሄዳ አንቺ የምትቀመጪባት ፍራሽ ላይ፣ ግድግዳው ጥግ፣ ያቺ ትራስሽ ያለችበት ላይ ተጋደመች። ትጣላለች ብዬ ዱላ ይዤ ቆሜአለሁ። አዱሬ አልተጣላችም። ደጋግማ አየቻት፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ከሄድሽ ወዲህ ዓይኔን ስታየኝ ያን ጊዜ ገና የመጀመሪያዋ ነው። ቁምሳጥኑ ላይ ወጣች። ሦስት ቀን አልወረደችም። ውሃ በሰሃን ወደ ላይ ሳቀብል ከረምኩ፤ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ኤዶም ወንበሩን ይዛልኝ፣ አባባ፣ እርስዎ ጓደኛ ያመጡላት መስሎዎት ነው፣ ለእሷ ግን በቦታዋ ሌላ ሰው መጥቶ ነው አለች። በቦታዋ አይደለም የተቀመጠችው፣ በሌላ ሰው ቦታ ነው ልላት ነበር። ሰሃኑን አቀበልኩ።

በአራተኛው ቀን ካርቶኑን ብብቴ ሥር አድርጌ ራሴ ወደ ቡራዩ ወጣሁ። ቆይ ይለፍልህ፣ መንገድ ዝግ ነው አሉኝ። በአየር ጤና ዞሬ ሄድኩ። እውነትም ቡራዩ መግቢያ ላይ ድንጋይ ደርድረዋል፣ ጎማ ይጨሳል። ሚኒባሱን አስቁመው አንድ በአንድ ያስወርዱናል። አንዱ ረጅም ልጅ ወደ እኔ መጣና በኦሮምኛ ከየት ነው የመጡት አለኝ። ወላሂ፣ ያንን ቃልሽን ከእሱ አፍ ነው የጠበቅኩት። ካርቶኑን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ካርቶኑን በዱላው ጫፍ ነካ አድርጎ፣ ማሊ ኩን፣ ምንድነው ይሄ አለኝ። ምን ብዬ መለስኩ መሰለሽ? አዱሬ አልኩት። ከአፌ የወጣው እሱ ነው። ካርቶኑን ከፈተው፤ ነጯ አንገቷን አውጥታ አዛጋችበት። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ሰውዬው በዚህ ሁሉ መሐል ድመት ታቅፎ ይዞራል አለ አንደኛው። ኦቦ፣ ደርባ፣ ይለፉ አሉኝ። ኦቦ አሉኝ፣ እንደ አገራቸው ሰው። አርባ ዓመት ከአንቺ ጋር ኖሬ መጤ ተባልኩ፣ ድንጋይ ይዞ መንገድ የዘጋ ልጅ ኦቦ ብሎ አሳለፈኝ። ይህን ቁጭ ብለሽ አስቢው።

እኔም መንገዱን ሁሉ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ያሰብኩትን ላስጽፍ፣ ኤዶም ቀና ብላ እንዳታየኝ።

የማን ማሳ እንደሆነ አላውቅም ያልኩሽ ውሸት ነው። አውቅ ነበር። ደላላው ሊያሳየኝ የወሰደኝ ቀን ወይራዋን አየኋት። ሙሽራ ሆነሽ ስወስድሽ እናትሽ ከሥሯ ቆማ የመረቀችን ወይራ ናት፣ እንዴት አላውቃትም? መሬቱ ከኢብሮ እጅ ከወጣ ቆይቷል፣ እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል አልኩ ለራሴ። ደላላው ልሠራው ላሰብኩት መጋዘን ስለምታስቸግር ትቆረጥ ወይ አለኝ። ትቆረጥ አልኩ። ዕድሜዬን ለገበሬ ማረሻ ሸጬ የበላሁ ሰው ነኝ። ድሮ ሰኔ ሲገባ ማረሻ አይበቃኝም፤ አሁን ማረሻው ዝጎ ተሰቅሏል፣ የሚሸጠው ሚስማርና ቆርቆሮ ነው። ለማን እንደሚሸጥ አውቃለሁ፣ ማሳ ለሚያጥር ነው። ከገዢዎቹ አንዱ እኔ ሆንኩ።

ጥር ላይ ሬዲዮው፣ የገበሬውን ማሳ ወደ ከተማ የሚጠቀልለው ማስተር ፕላን ቀርቷል፣ ተሰርዟል ሲል አብዶ እየሮጠ መጥቶ ነገረኝ። መንግሥትም ያለውን ይመልሳል እንዴ አልኩት። ሰው ሲሞትበት መለሰዋ አለኝ። ይሁን፣ መለሰ። ወይራዋ ግን ተቆርጣለች። ፕላን ይሰረዛል፣ ግንድ አይሰረዝም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የውሉን ወረቀት አድርጌዋለሁ። ግርጌው ላይ ያለው ሰማያዊ የአውራ ጣቴ አሻራ ነው። ለኢብሮ ስጪው። አጥሩን ይንቀለው፣ ገብስ ይዝራበት፣ የፈለገውን ያድርግ። ይቅርታ ጠየቀኝ እንዳይል፣ አልጠየቅኩትም። ማሳውን ነው የሰጠሁት።

እና ጀዋሂር ቤት ደረስኩ። ካርቶኑን አስቀመጥኩ። ጓደኛዋን አልወደደቻትም አልኳት። ሴትዮዋስ አለችኝ። እሷም ከቤቷ አትነሳ አልኳት። አንተ ሰውዬ ብቻህን ትሞታለህ አለችኝ። አዱሬ አለች አልኩ። ቁርሴን ሳልበላ ወጥቼ ምሳዬን ሳልበላ ተመለስኩ። ቤት ስገባ አዱሬ ወርዳለች። ፍራሽሽ ላይ አልወጣችም፣ ከጎኑ መሬት ላይ ነው የተኛችው። ቦታ ስትጠብቅ።

እንግዲህ የምጠይቅሽ ይህን ነው፤ ድመቷ የአንቺ ናትና ፍርዱም የአንቺ ነው። ጓደኛ ይምጣላት ወይስ አይምጣላት? የእኔን ሐሳብ ከፈለግሽ፣ ይህች ድመት ሌላ ድመት አትፈልግም። በእሷ ቦታ ሌላ አላስቀምጥም ብዬ መልሼሻለሁ።

እዚህ ላይ ኤዶም ብዕሩን አቆመች። አባባ፣ መልሼሻለሁ ነው ያሉት ወይስ መልሻታለሁ አለችኝ። ነጯን ድመት ነው የምልሽ፣ መልሻታለሁ ነው ያልኩት አልኳት። አይደለም፣ መልሼሻለሁ ነው ያሉኝ፣ እኔም የሰማሁትን ጽፌአለሁ፣ ልሰርዘው አለችኝ። ማሳውን ስገዛ ውል አዋዋዩ፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት አይጸናም ብሎኛል። ለአንድ ቃል ብዬ ደብዳቤዬን አላበላሽም። ተዪው፣ እንደተጻፈ ይቆይ አልኳት።

በሩ ቀን አይዘጋም፣ አዱሬ አታዘጋኝም። መንገዱ ካስቸገረሽ፣ ይህን ይዞልሽ የሚመጣው ሾፌሩ ከድሩ በሚኒባሱ አርብ ይመለሳል። መምጣት የእግር ነው፣ እግሩ ደግሞ የአንቺ ነው፤ በእሱ አልገባም። መድኃኒትሽን ግን አልላክኩም። ያለበት አለ።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የእናትሽን ቤት ከእሳትም ከጥይትም ይጠብቅልሽ። የኢብሮን ገብስ አላህ ይባርክለት፣ አሚን አልልም፣ አንቺ በይለት።

የልጆችሽ አባት።
አሻራዬን ከዚህ በታች አድርጌአለሁ።

ኤዶም፣ በይ አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። ቆይ፣ ብቻዬን አይደለም። አብዶን ከስፌት መኪናው ላይ ጥሪው፤ ከድሩም ሞተሩን ያጥፋና ይግባ። ሁለቱም ጫማቸውን አውልቀው ይቀመጡ። የድመቷን ወሬ ቶሎ ቶሎ አንብቢው፤ ያቺ ቃል ዘንድ ስትደርሺ ግን ቀስ በይ፣ ድምፅሽንም ከፍ አድርጊ፣ ሁለቱም ይስሙ።