አውሮፕላን በእጃቸው ያስቆሙ የነበሩት የአቶ ሸጋው ገብረ ክርስቶስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሸጋው ከአባታቸው ከቄስ ገብረ ክርስቶስ ውዱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋንታዬ ቢራራ በ1949 ዓ.ም. ዳባት ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ቆጥረው ዘመናዊ ትምህርታቸውን በዳባትና በደባርቅ ተከታተሉ። በ1978 ዓ.ም. የደባርቋን ወይዘሮ ዘቢደርን አግብተው የትናየትንና ቻላቸውን ወለዱ።

ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከአብራሪው ፊት ቆመው በእጅ ምልክት አውሮፕላን ወደ መቆሚያው የሚያስገቡ ሠራተኛ ነበሩ። እጆቻቸውን ከራሳቸው በላይ ሲያጣምሩ ያ ሁሉ ብረት ቀጥ ይላል። ይኮሩበት ነበር፤ ኩራትም ያምርባቸው ነበር። ወይዘሮ ዘቢደር ግን፣ አውሮፕላን የሚያቆሙት ሰውዬ የጎረቤት በሬ ከማሳችን ማስወጣት አቃታቸው እያሉ ይተርቧቸው ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ትልልቆቹ አውሮፕላኖች መምጣት ሲጀምሩ ተራሮቹን ሊያይ ወደ ቡይት ራስ የሚወጣው እንግዳ እጥፍ ይሆናል ተብሎ ደባርቅ ፈነጠዘች። አቶ ሸጋውም አብረው ፈነጠዙ። እውነት ነው፣ አንዱ የሁለቱን ሰው ያመጣል። ነገር ግን ክንፉ የሁለቱን ቦታ ይይዛል፤ ሰውና ሻንጣ አራግፎ ሌላ እስኪጭንም ይቆያል። መቆሚያው ደግሞ ያው የድሮው ነው። በደስታ መሀል ይህን ማን ያስባል?

በ2006 ዓ.ም. ወይዘሮ ዘቢደር ጎንደር ሕክምና ላይ ሳሉ ሲያጣጥሩ፣ የትናየት ልትሰናበታቸው ከአዲስ አበባ በረረች። የተሳፈረችበት አውሮፕላን መሬት ሲነካ መቆሚያውን ቀድሞ የመጣ ሌላ ትልቅ አውሮፕላን ሞልቶት ነበር። አቶ ሸጋው ልጃቸው ውስጡ እንዳለች እያወቁ እጃቸውን አጣመሩ። የፊተኛው ጭኖ እስኪወጣ ድረስም አላስገቡትም። እሷ በመስኮት ታያቸው ነበር። ከእናቷ አልጋ ስትደርስ ነፍሳቸው ወጥታ አገኘቻቸው።

በለቅሶው ድንኳን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባባ፣ ከእናቴ የለዩኝ የእርስዎ እጆች ናቸው» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት አባቷ የሚኖሩበትን ዳባትን አልረገጠችም። ለፋሲካ ስትደውልም ከቻላቸው በቀር ማንንም አታነጋግርም ነበር። ትንሽ ጠጋ ጠጋ አድርገው ቢያስገቡት ምን ነበር ያለም ሰው አልጠፋም፤ አውሮፕላን የገበያ አህያ ይመስል። አቶ ሸጋው ለማንም መልስ ሳይሰጡ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ።

ዘንድሮ ጉበታቸው ታሞ አልጋ ሲይዙ የትናየት መጣች፤ ሁለት ወር ሙሉ ከጎናቸው ሳትለይ አስታመመቻቸው። በመጨረሻም ስለዚያ ዕለት ጠየቀቻቸው።

«ክንፍ ለክንፍ ቢነካካስ ብዬ ነው። ውስጡ አንቺ ነበርሽ» አሏት።

እጆቻቸውን ይዛ ሳመች፤ አብረው አለቀሱ።

አቶ ሸጋው ግንቦት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ ልጃቸው ራስጌያቸው ተቀምጣ ሳለች ከዚህ ዓለም ተለዩ። ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከወይዘሮ ዘቢደር ጎን ያኑርልን፤ ዘግይታ ያገኘቻትንም ሁለት ወር ለየትናየት መጽናኛ ያድርግላት።